ሞተሩ ስለዞረ ብቻ ደህና ነው አይባልም

መኪናቸውን በገዛ እጃቸው ከነዳጅ ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር ለሚፈልጉ ሰዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ከፎርክሊፍት ወይም ከተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና የተፈታ ሞተር ሲገኝ እንዴት እንደሚፈተሽ የሚያስረዳ ነው። ሐሳቡን እደግፋለሁ። በደንብ ተመርጦ የተገዛ ያገለገለ ሞተር ገና ረጅም ዕድሜ አለው፤ ዋጋውም ከአዲሱ ጋር አይገናኝም። ብዙ ሰው ይህን ሥራ ሊጀምር የሚችለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ምክሩ ትክክል እንዲሆን የምጨነቀውም ለዚሁ ነው።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር አምስት ነው። ሞተሩን በ12 ቮልት ባትሪ አዙሩት፤ ከዞረ ደህና ነው ይላል። ቴስተር በተርሚናሉና በቦዲው መሃል ካልጮኸ ኢንሱሌሽኑ (ከረንት ከሽቦው እንዳይወጣ የሚያግደው ሽፋን) ጤነኛ ነው ይላል። ይበልጥ እርግጠኛ ለመሆን ምንም ጭነት ሳይኖረው በመኪናው ሙሉ ቮልቴጅ ለጥቂት ደቂቃ አስሩጡት ይላል። ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ግን ያለ ኢንቨርተር (የባትሪውን ዲሲ ወደ ኤሲ የሚቀይረው መሣሪያ) ምንም ማወቅ ስለማይቻል ዕድላችሁን ሞክሩ ይላል። በመጨረሻም የሞተሩ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ኪሎዋት ከነዳጅ ሞተሩ ካነሰ ጊዜያችሁን አታባክኑ ብሎ ይዘጋል።

በአምስቱም አልስማማም። መልሴ ግን የጽሑፉን ቅደም ተከተል አይከተልም። ሦስተኛው ነጥብ ሰው ሊገድል ስለሚችል እሱን አስቀድማለሁ።

ያለ ጭነት በሙሉ ቮልቴጅ ስለ ማስሮጥ

አብዛኛው የቆየ የፎርክሊፍት ሞተር «ሲሪስ» የሚባለው ዓይነት ነው። በሚዞረው አርማቸርና በቆመው ፊልድ (ማግኔት በሚፈጥረው የሽቦ ጥቅል) ውስጥ የሚያልፈው ከረንት አንድና ያው ነው። ሞተር ሲዞር ራሱም ቮልቴጅ ያመነጫል። ይህ ቮልቴጅ ከባትሪው ጋር ይገፋፋል። ፍጥነቱ የሚረጋው ሁለቱ ሲቀራረቡ ነው።

አሁን ጭነቱን አንሱለት። ከረንቱ ይቀንሳል። ከረንቱ ሲቀንስ ፊልዱ ይደክማል። ፊልዱ ሲደክም ያንኑ ቮልቴጅ ለማመንጨት ሞተሩ ይበልጥ መፍጠን አለበት። ሲፈጥን ከረንቱ እንደገና ይቀንሳል። ይህን የሚገታው የኩሽኔታው ሰበቃና የአየሩ ግጭት ብቻ ነው። በ12 ቮልት እነዚህ ይበቃሉ። በ96 ወይም በ144 ቮልት ግን አይበቁም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። ኮሙቴተሩ፣ ማለትም ካርቦኖቹ እየነኩት ከረንት ወደ አርማቸሩ የሚያስገባው ክፍል፣ ጎን ለጎን ከተደረደሩ የመዳብ ቁራጮች የተሠራ ነው። በመሃላቸው ማይካ አለ፤ ሁሉንም የሚያስራቸው ቀለበት ነው። ፍጥነቱ ከተሠሩበት ልክ ሲያልፍ ቁራጮቹ ወደ ውጭ ይነሳሉ። ካርቦኑን ይሰባብራሉ። የአርማቸሩም ሽቦ ከተቀበረበት ይወጣል። ዲያሜትሩ 9 ኢንች የሆነ ሞተር ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን የሚያህል ብረት ከልክ በላይ እየዞረ ሲበተን አጠገቡ ሰው መኖር የለበትም። ደግሞም እዚያ ለመድረስ «ጥቂት ደቂቃ» አያስፈልገውም፤ ሰከንዶች ይበቁታል።

ጸሐፊው ምናልባት ባለ ማግኔት ሞተር አስበው ይሆናል። የእነዚያን ፍጥነት የሚወስነው ኢንቨርተሩ የሚልከው ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ እንዲህ አይፈረጥጡም። ጽሑፉ ግን ልዩነቱን አያነሳም። ምክሩን የሚሰጠው ስለ ፎርክሊፍት ሞተር በሚያወራበት ቦታ ላይ ነው። ይህ አንቀጽ እንዲነሳ ጸሐፊውን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሲሪስ ሞተር ያለ ጭነት ከ12 ቮልት በላይ አይሰጠውም። ያውም በሞርሳ ወይም በጠንካራ ገመድ ከታሰረ በኋላ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ። ሞተሩ ሲነሳ በኃይል ይዘልላል፤ መሬት ላይ ተቀምጦ በእግር ተይዞ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ይኸው አደጋ መኪናው ውስጥም አለ። ካምቢዮው ዜሮ ላይ ሳለ ፔዳል መርገጥ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ፔዳል መስጠት፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ክፍል መሰበሩ፣ ሁሉም ሞተሩን በድንገት ያለ ጭነት ያስቀሩታል። ዙሩን የሚቆጥር ሴንሰርና ከልክ ሲያልፍ የሚያቋርጥ ኮንትሮለር የሌለው መኪና መንገድ መውጣት የለበትም።

አዳዲስ ፎርክሊፍቶች ላይ ደግሞ ፊልዱ ለብቻው የሚመገብ ሞተር ይገኛል። ከመሞከራችሁ በፊት ለዩት። የዚህኛው ፊልድ ሽቦ ቀጭን ነው። ተርሚናሎቹም ትናንሽ ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ኤፍ1 እና ኤፍ2 ተብለው ይጻፋሉ። ቴስተር ላይ የሚታይ ኦም ይሰጣሉ። የሲሪሱ ፊልድ ግን ወፍራም ስለሆነ ቴስተሩ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ተርሚናሎቹም ኤስ1 እና ኤስ2 ተብለው ይጻፋሉ። ለብቻው የሚመገበውን ፊልድ ትታችሁ አርማቸሩን ብቻ ከባትሪ ጋር ካገናኛችሁ እሱም ሊፈረጥጥ ይችላል።

«ከዞረ ደህና ነው» ስለሚለው

የ12 ቮልቱ ሙከራ ጥቅም የለውም አልልም። ሽቦው እንዳልተቋረጠ፣ ካርቦኑ ኮሙቴተሩን እንደሚነካ፣ ኩሽኔታው እንዳልነከሰ ይነግራችኋል። የሚዞርበትንም አቅጣጫ ታውቃላችሁ። አቅጣጫውን መቀየር ከፈለጋችሁ ከፊልዱ ወይም ከአርማቸሩ የአንዱን ብቻ ጫፎች ማለዋወጥ ነው። የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ማለዋወጥ ሁለቱንም አብሮ ስለሚቀይር ሞተሩ እንደ ድሮው ይዞራል።

ግን ይህ ሙከራ ስለ ጭነት የሚናገረው ነገር የለም። ያለ ጭነት በ12 ቮልት የሚዞር ሞተር ጥቂት አስር አምፔር ይስባል። መኪና ሲገፋ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይሄድበታል። ሙቀት ደግሞ የሚጨምረው በከረንቱ ስኩዌር ነው። ከረንቱ አስር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ መቶ እጥፍ ይሆናል። በ30 አምፔር ምንም የማይመስል የላላ ብየዳ በ300 አምፔር ይቀልጣል። ቮልቴጁም እንዲሁ ነው፤ በኮሙቴተሩ ጎረቤት ቁራጮች መሃል በ12 ቮልት የማይታይ ጉድለት በ144 ቮልት ብልጭታ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ በሚዞርበት ጊዜ ተመልከቱት እንጂ «ዞረ» ብላችሁ አትለፉ። ካርቦኑ ጫፍ ላይ ትንሽ፣ እኩል የሆነ ብልጭታ ችግር የለውም። ኮሙቴተሩን ተከትሎ የሚዞር የእሳት ቀለበት ከታየ አጥፉት። የዲሲ ከረንት የሚያነብ ክላምፕ ሜትር ካለ ንባቡ የረጋ መሆኑን እዩ። እጃችሁን ቦዲው ላይ አድርጋችሁ ንዝረቱን ስሙ።

ከዚያ አጥፉትና ሽፋኑን ክፈቱ። ከሁሉም በላይ ብዙ የሚነግራችሁ ኮሙቴተሩ ነው። ጤነኛው እኩል የሆነ ቡናማ ቀለም አለው። ቸኮሌት የመሰለው ቀለም ቆሻሻ አይደለም፤ በሸራ ወረቀት አትፈግፍጉት። አልፎ አልፎ በተራ የጠቆሩ ቁራጮች ካሉ ከእነሱ ጋር የተያያዘው ሽቦ ተቋርጦ ወይም ብየዳው ለቆ ሊሆን ይችላል። አንድ ቁራጭ ከጎረቤቱ ከፍ ብሎ ከተሰማችሁ ያ ሞተር ቀድሞ ከልክ በላይ ዞሯል ወይም ግሏል ማለት ነው፤ ቶርኖ ቤት ሳይገባ አይሆንም። ካርቦኖቹ ሁሉ በየቤታቸው ውስጥ ያለ ችግር መንሸራተት አለባቸው። ወደ ማለቂያቸው ከደረሱ ሽቦዎቻቸው ኮሙቴተሩን መቧጨር ይጀምራሉ።

እኔ አንድ ሙከራ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ቁራጭ በቁራጭ የሚለካውን ነው። በካርቦኖቹ በኩል 5 ወይም 10 አምፔር የሚሆን የማይለዋወጥ ከረንት ታሳልፋላችሁ። ሞተሩ እንዳይዞር ዘንጉን ታስራላችሁ፣ ወይም ፊልዱን ሳታገናኙ ትተዋላችሁ። ቴስተሩን ሚሊቮልት ላይ አድርጋችሁ በእያንዳንዱ ጥንድ ጎረቤት ቁራጭ መሃል ትለካላችሁ። ንባቡ እየተመሳሰለ ይሄዳል። አንዱ ጥንድ በጣም ዝቅ ካለ እዚያ ያለው ሽቦ ሾርት አድርጓል። በጣም ከፍ ካለ ብየዳው ለቋል ወይም ሽቦው ተቆርጧል። ጊዜ ይወስዳል፣ ያሰለቻል። መሣሪያው ግን ፓወር ሰፕላይና ቴስተር ብቻ ነው፤ የሚነግራችሁንም የ12 ቮልቱ ዙር በጭራሽ አይነግራችሁም።

ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳው ሌላ ጉዳይም አለ። ፎርክሊፍት ወደፊትም ወደኋላም እኩል ስለሚሠራ ካርቦኖቹ የሚቀመጡት ሚዛኑ መሃል ላይ ነው። በ36 ወይም በ48 ቮልት ይህ አያስቸግርም። ቮልቴጁ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሲሆን ግን ብልጭታው ይጨምራል። ስለዚህ ለመኪና የሚሆነው ሞተር ካርቦን መያዣ ከዙሩ አቅጣጫ በተቃራኒ በጥቂት ዲግሪ ይገፋል። ሞተሩን ስታዩ መያዣው የሚገፋ ወይም አዲስ ቀዳዳ የሚበሳለት መሆኑን እዩ።

ቴስተር ካልጮኸ ኢንሱሌሽኑ ጤነኛ ነው ስለሚለው

ቴስተር ኦም ሲለካ የሚልከው ጥቂት ቮልት ነው። መኪናው በ100ዎቹ ቮልት ሊሠራ ነው። ጥቂት ቮልት ያላለፈበት የተሰነጠቀ ቫርኒሽ፣ እርጥበት ወይም የካርቦን ብናኝ 300 ቮልት አያልፍበትም ማለት አይቻልም።

ለዚህ የተሠራው መሣሪያ ሜገር ነው። 250፣ 500 ወይም 1000 ቮልት ይልካል፤ መልሱን በሜጋኦም ያነባል። ለእንደዚህ ዓይነት ሞተር 500 ቮልቱ ይበቃል። መጀመሪያ ሁሉንም አላቅቁ፤ ኢንቨርተሩን፣ የሙቀትና የዙር ሴንሰሮቹን ሁሉ። አለዚያ ኤሌክትሮኒክሱን ታቃጥላላችሁ። ከዚያ አንዱን ጫፍ ተርሚናሉ ላይ፣ ሌላውን ቀለም በሌለው የቦዲው ብረት ላይ አድርጋችሁ ለአንድ ደቂቃ ያዙ። ስትጨርሱ ጥቅሉን ከቦዲው ጋር አገናኝታችሁ አፍስሱት፤ ቻርጅ ይይዛል።

አይ ትሪፕል ኢ 43 የሚባለው የኢንሱሌሽን መለኪያ መመሪያ ከ1000 ቮልት በታች ለሚሠሩ እንዲህ ያሉ ጥቅሎች በ40 ዲግሪ ሙቀት ቢያንስ 5 ሜጋኦም ይጠይቃል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ንባቡ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ብርዱ ላይ የተለካው 5 ሜጋኦም አያኮራም። ጤነኛና ደረቅ ሞተር በመቶዎች ያነባል።

እዚህ ላይ የሻጩንም ወገን ልያዝ። ዝቅ ያለ ንባብ ሁልጊዜ የሞተ ሞተር ማለት አይደለም። ባለ ካርቦን ሞተር ውስጡ በጥቁር ብናኝ ይሞላል፤ ብናኙ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በደረቅ አየር አስነፍታችሁ፣ በቀስታ አሙቃችሁ አድርቃችሁ እንደገና ለኩት። ንባቡ ከፍ ካለ ቆሻሻ ነበር። ካልተንቀሳቀሰ ኢንሱሌሽኑ ሄዷል፤ እንደገና መጠቅለል አለበት።

ይህ ለምን ያሳስባል? ሞተሩን የሚነዳው የመኪናው ዋና ባትሪ ከቦዲው ጋር በምንም መንገድ አይገናኝም፤ መገናኘትም የለበትም። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 100 ለዲሲ በአንድ ቮልት ቢያንስ 100 ኦም፣ ለኤሲ ደግሞ 500 ኦም ይጠይቃል። ሞተሩ ከረንት ወደ ቦዲው ሲያፈስ ኦሙ ከዚህ በታች ይወርዳል። ከዚያ ባትሪ ሣጥን ውስጥ አንድ እጅ የሚከት ሰው ሌላውን ክንዱን ቦዲው ላይ ካሳረፈ ከረንቱ በእሱ በኩል ያልፋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ያለ ኢንቨርተር አይፈተሽም ስለሚለው

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ይህ ነው። ከባለ ሦስት ፌዞቹ መሃል ባለ ማግኔቱ ያለ ኢንቨርተር ለመፈተሽ በጣም የሚመች ሞተር ነው። ሲዞር ጄኔሬተር ስለሆነ ራሱ ይናገራል።

በእጅ ጀምሩ። ሦስቱ ገመዶች ሳይነካኩ ዘንጉን አዙሩ። እየተጎተተ እየለቀቀ ይሄዳል፤ ያ የማግኔቱ ነው። አሁን ሦስቱን ገመዶች አንድ ላይ አገናኙና አዙሩ። እንደ ዝልግልግ ነገር እኩል ይከብዳል። ይህ ልዩነት ጥሩ ምልክት ነው። ገመዶቹ ሳይነካኩም እንዲሁ የሚከብድ ከሆነ ውስጡ ሾርት አለ።

ቀጥሎ ትራፓኖ ያዙ። ዘንጉን በእሱ አዙራችሁ በየሁለቱ ፌዝ መሃል የኤሲ ቮልቴጅ ለኩ። ሦስቱ ንባቦች መመሳሰል አለባቸው። አንዱ ዝቅ ካለ ያኛው ጥቅል ተጎድቷል። ሦስቱም እኩል ሆነው ከተመሳሳይ ጤነኛ ሞተር ካነሱ ደግሞ ማግኔቱ በሙቀት ደክሟል ማለት ነው። ለማነጻጸር ግን ዙሩን ማወቅ አለባችሁ። የዙር መቁጠሪያ ባይኖርም ቴስተሩ ኸርዝ የሚያነብ ከሆነ ይበቃል። ለምሳሌ ኒሳን ሊፍ የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር 8 ፖል፣ ማለትም አራት ጥንድ የማግኔት ዋልታ ነው፤ 40 ኸርዝ ካነበባችሁ ለአራት ሲካፈል በሰከንድ 10፣ በደቂቃ 600 ዙር እየዞረ ነው። ቮልቴጁን ከዙሩ ጋር ጻፉት። ያላችሁ ሞተር የትኛው እንደሆነም እወቁ፤ የመጀመሪያው የሊፍ ሞተር 280 ኒውተን ሜትር ሲሰጥ በ2013 ሞዴል የመጣው 254 ነው። ሁለቱን ማነጻጸር ያሳስታል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ይህ ሞተር በፍጥነት ሲዞር ጫፎቹ ላይ የሚገድል ቮልቴጅ ይመጣል፣ ባትሪ ባይኖርም። በትራፓኖ ፍጥነትም ቢሆን ባዶ ጫፍ አትንኩ። ኢንቨርተሩም አብሮ ከመጣ ካፓሲተሮቹ ቻርጅ ሊይዙ ይችላሉ፤ ለክታችሁ ዜሮ መሆኑን ሳታዩ አትክፈቱት።

ጽሑፉ በሦስቱ ፌዞች መሃል በቴስተር ኦም ለክቶ «ሁሉም ዜሮ ነው፣ አይለይም» ይላል። እውነቱን ነው፣ በቴስተር አይለይም። የቴስተሩ ገመድ ኦም ብቻውን ከጥቅሉ ኦም ይበልጣል። የሚለካው እንዲህ ነው፤ በፓወር ሰፕላይ 10 አምፔር ታሳልፋላችሁ፣ በሌላ ጥንድ ገመድ ደግሞ ተርሚናሉ ላይ ሚሊቮልቱን ታነባላችሁ። 150 ሚሊቮልት ካነበባችሁ 15 ሚሊኦም ነው። ሦስቱ ጥንዶች በጣም የተቀራረቡ መሆን አለባቸው። ኢንዳክታንስ (ጥቅሉ የከረንትን መለዋወጥ የሚቃወምበትን ልክ) ስትለኩ ግን ተጠንቀቁ፤ ማግኔቱ በሮተሩ (በሚዞረው ክፍል) ውስጥ የተቀበረ ሞተር እንደ ሮተሩ አቀማመጥ ንባቡ ይለያያል። ሳታዙሩ ለክታችሁ ልዩነት ስላያችሁ ብቻ ጥሩ ሞተር እንዳትመልሱ።

ማግኔት የሌለው ኢንዳክሽን ሞተር ላይ የትራፓኖውና የገመድ ማገናኘቱ ሙከራ አይሠራም። እዚያ ላይ የሚሊኦሙና የሜገሩ ልኬት ይቀራል። ለሮተሩ ደግሞ በሁለት ፌዝ መሃል ዝቅተኛ የኤሲ ቮልቴጅ ሰጥታችሁ ዘንጉን በዝግታ አዙሩ፤ ከረንቱ በየቦታው ከፍ ዝቅ ካለ በሮተሩ ውስጥ ከረንት የሚያልፍባቸው የብረት ዘንጎች (ዋናው ዘንግ አይደለም) ተሰብረው ሊሆን ይችላል።

ሪዞልቨሩን አትርሱ። የሮተሩን ቦታ ለኢንቨርተሩ የሚነግረው እሱ ነው፤ ከሞተ ሞተሩ አይሠራም። ውስጡ ሦስት ጥቅሎች አሉ፣ አንድ ላኪና ሁለት ተቀባዮች፤ እያንዳንዳቸው የሚታይ ኦም ማንበብ አለባቸው። ሁለቱ ተቀባዮች መቀራረብ አለባቸው። እርስ በርስም ከቦዲም ጋር አይገናኙም። የሙቀት ሴንሰሩ ላይ ሞቅ ያለ አየር ስትነፉበት ኦሙ ይለወጣል፤ ካልተለወጠ ሞቷል። ማቀዝቀዣ ውሃ የሚያልፍበት ሞተር ከሆነ መንገዱን በትንሽ የአየር ግፊት ሞልታችሁ ግፊቱ መቆየቱን እዩ። በዘንጉ ውስጥ ውሃ የሚያልፍባቸው ሞተሮች ላይ ውሃ የሚያግደው ጎማ ሲያልቅ ውሃው ወደ ጥቅሉ ይገባል፤ ሜገሩ ዝቅ ካለ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ነገር፣ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት መሥራቱን በመጨረሻ የሚያረጋግጠው ኢንቨርተር መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ግን ከመጥፎዎቹ ብዙዎቹን በዚህ መንገድ ትለያላችሁ። በዕድል የሚገዛበት ምክንያት የለም።

የሰሌዳው ኪሎዋት ስለማነሱ

ሰሌዳው የሚናገረው ሞተሩ ሳይግል ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሠራ ነው። 48 ቮልት፣ 10 ኪሎዋት፣ 60 ደቂቃ ቢል፣ ለአንድ ሰዓት ያንን ተሸክሞ ሙቀቱ ከልክ አያልፍም ማለት ነው። ለአጭር ጊዜ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሰጣል። የነዳጅ ሞተር ቁጥር ደግሞ ከፍተኛው ጣሪያ ነው። ሁለቱ አንድ ነገር አይለኩም፤ ጎን ለጎን አይቀመጡም። መካከለኛ መኪና በሜዳ በሰዓት 90 ኪሎሜትር ለመሄድ የሚያስፈልገው ከ10 እስከ 15 ኪሎዋት ገደማ ነው። ያንኑ ሞተር ያንኑ አምፔር በ96 ቮልት ብትሰጡት ኃይሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ የሚገድበው የዙሩ ጣሪያና የካርቦኑ ብልጭታ ነው።

ሰሌዳው ላይ ከኪሎዋቱ በፊት የኢንሱሌሽን ክላሱን ፈልጉ። ኤፍ ከሆነ ጥቅሉ 155 ዲግሪ፣ ኤች ከሆነ 180 ዲግሪ ይችላል። ከሰሌዳው ልክ በላይ ልታሠሩት ካሰባችሁ ኤች የተጻፈበትን ምረጡ፤ ሙቀቱን የሚያነብ ሴንሰርም ከጥቅሉ ጋር አስራችሁ ኮንትሮለሩ ላይ አገናኙት።